የኪንግ ጎዳናው ቴአትር ቤት፤ የአንድ አሮጌ ቤት እድሳትና የአንድ መልካም ዓመት ታሪክ

መግቢያ

ስለ ተውኔት ታሪክ ስንጽፍ አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ድርሰቱና ስለ ደራሲው ነው። የታሪክ አወቃቀር፣ የገጸ ባሕርያት አሳሳል፣ ግጭትና ቃለ ተውኔት በየዓመቱ ለተማሪዎቻችን የምንዘረዝራቸው ርእሶች ናቸው። ተውኔቱ የታየበት ቤት ግን በጥናቶቻችን ውስጥ ከአንድ ዐረፍተ ነገር የበለጠ ቦታ አያገኝም፤ «በዚህ ቴአትር ቤት፣ በዚህ ዓመት ለሕዝብ ቀረበ» ተብሎ ይታለፋል። እኔም ለብዙ ዓመታት ያስተማርኩት በዚሁ መንገድ ነበር።

ይህን ልማዴን እንድመረምር ያስገደደኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአጭር ጊዜ ጥናት ወደ ምዕራብ እንግሊዝ በሄድኩበት ወቅት ያየሁት አንድ የክፍለ ሀገር ቴአትር ቤት ነው። ቤቱ በብሪስቶል ከተማ፣ በኪንግ ጎዳና የሚገኘው ሮያል ቴአትር ሲሆን ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው በውስጡ በሚሠራው ቡድን ስም፣ ብሪስቶል ኦልድ ቪክ ተብሎ ነው። በ1766 የተከፈተ በመሆኑ በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ሥራቸውን ከቀጠሉት ቴአትር ቤቶች ሁሉ አንጋፋው እንደሆነ ይነገርለታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቤቱን ታሪክ በአጭሩ መቃኘት፣ በ2012 እና በ2018 የተፈጸመለትን እድሳት ምንነት መመርመር፣ እድሳቱም ከ2016 የተሳካ የትርኢት ዓመት ጋር ያለውን ዝምድና ማሳየት ነው። ላስረዳው የምሞክረው ሐሳብ አንድ ነው። የአሮጌ ቴአትር ቤት እድሳት ከግንበኛና ከአናጺ ሥራነቱ በፊት የንባብ ሥራ ነው። አዳሹ ቤቱን እንደ ጥንታዊ ጽሑፍ አንብቦ የትኛው የማን እጅ እንደሆነ ካልለየ፣ የሚያድሰውና የሚያጠፋው ይምታታበታል። ይህ ደግሞ በአሮጌ ቤቶች ውስጥ ተውኔት ለምናይ ለእኛም የሚያገባን ጉዳይ ነው። እግረ መንገዴን ለማሳሰብ ያህል፣ የእንግሊዝን ታሪክ የሚመለከቱት ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን «ዓ.ም.» የሚል ይከተለዋል።

ሀ. በኮንሰርት ስም የተከፈተ ቤት

ብሪስቶል በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ከእንግሊዝ ታላላቅ ወደቦች አንዷ ነበረች። ሀብቷ የተከማቸው ከአትላንቲክ ማዶ በሚመጣው ስኳርና ትምባሆ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአፍሪቃ እየተጋዙ በተሸጡ ሰዎች ንግድ ነው። የከተማይቱ ባለጸጎች ከለንደን የማያንስ ቴአትር ቤት እንዲኖራቸው ፈለጉና ሃምሳ ያህል ሰዎች እያንዳንዳቸው ሃምሳ ፓውንድ አዋጡ። ለመዋጮአቸውም ከብር የተሠራ የመግቢያ ምልክት ተሰጣቸው፤ ምልክቱን የያዘ ሰው በቤቱ የሚታየውን ትርኢት ሁሉ ያለ ክፍያ የማየት መብት ነበረው። ከነዚህ መሥራቾች መካከል በባሪያ ንግድ የከበሩ ነጋዴዎች እንደነበሩ ዛሬ ቴአትር ቤቱ ራሱ አይሸሽገውም።

ቤቱ የተሠራው በጎዳናው ፊት አይደለም። ከአሮጌ መኖሪያ ቤቶች ጀርባ በነበረ ክፍት ግቢ ውስጥ ሲሆን ተመልካቹ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በቤቶቹ ሥር በተከፈተ ጠባብ መተላለፊያ ነበር። ንድፉን ያወጣው በለንደኑ ድሩሪ ሌን ቴአትር የታላቁ ተዋናይ የዴቪድ ጋሪክ አናጺ የነበረው ጄምስ ሳውንደርስ ነው። በዚያ ዘመን ልማድ መሠረት መድረኩ ወደ ተመልካቹ ገፍቶ የወጣ ነበር፤ ተዋናዩ ቆሞ የሚናገረው ከሕዝቡ መሐል በሚባል ሁኔታ ነው። ተመልካቹም በሦስት ወገን ከብቦት ይቀመጣል። ይህን የአቀማመጥ ነገር አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፤ ኋላ ስለ እድሳቱ ስናወሳ እንመለስበታለንና።

ቤቱ ከጎዳና መሰወሩ ከሕጋዊ አቋሙ ጋር የሚስማማ ነበር። በ1737 የወጣው የቴአትር ፈቃድ ሕግ ንግግር ያለበትን ተውኔት የንጉሥ ፈቃድ ካላቸው ቴአትር ቤቶች በስተቀር ማንም እንዳያሳይ ከልክሎ፣ ማናቸውም አዲስ ተውኔት ከመታየቱ በፊት በቤተ መንግሥት ሹም እንዲመረመር አዝዞ ነበር። የብሪስቶል ሰዎች ይህ ፈቃድ አልነበራቸውም። ስለዚህ ግንቦት 30 ቀን 1766 ቤቱን ሲከፍቱ ለሕዝብ ያስታወቁት የሙዚቃ ኮንሰርትና የንግግር ጥበብ ናሙና እንደሚያቀርቡ ነበር። ሕዝቡ የከፈለው ለሙዚቃው ነው ተባለ፤ ያየው ግን የሪቻርድ ስቲልን ኮሜዲ ነው። ለዕለቱ የተነገረውን መቅድምና መደምደሚያ የጻፈው ጋሪክ ራሱ ነበር።

በቅኔ ባህል ላደገ አንባቢ ይህ ዘዴ እንግዳ አይሆንበትም። ሰሙ ኮንሰርት ነው፣ ወርቁ ተውኔት። የእኛም ዘመናዊ ተውኔት የተወለደው ከዚህ በማይርቅ መንገድ መሆኑ ያስገርማል። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተሰኘውን ተውኔት ሲጽፉ የቤተ መንግሥቱንና የሹማምንቱን ነገር የተናገሩት በአውሬዎች አንደበት ነው። ተውኔቱ በ1910ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከታየ በኋላ ወርቁ ስለተገኘበት ታገደ። የብሪስቶሎቹ ዕድል ከዚህ የተሻለ ነበር፤ በ1778 የንጉሥ ፈቃድ አገኙና ቤታቸው ሮያል ቴአትር ተባለ። የቅድመ ምርመራው ነገር ግን በእንግሊዝ አገር እስከ 1968 ድረስ ጸንቶ ኖሯል።

ለ. ውድቀትና መትረፍ

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ የብሪስቶልና የባዝ ቴአትር ቤቶች አንድ ቡድን በጋራ ማሠራት ጀመሩ። ባዝ ለብሪስቶል ቅርብ የሆነች፣ ኋላም አፄ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩባት ከተማ ናት። በኋላ የእንግሊዝ መድረክ ንግሥት የተባለችው ሳራ ሲደንስ በወጣትነቷ በሁለቱ ከተሞች መካከል እየተመላለሰች የተጫወተችው በዚህ ቡድን ውስጥ ነው። በ1800 ተመልካች እየበዛ ስለሄደ ጣሪያው ከፍ ተደርጎ ላይኛው ሰገነት ተጨመረ። እንግዲህ ቤቱ ከተከፈተ ሠላሳ አራት ዓመት ብቻ ሆኖት ሳለ ሁለተኛ እጅ ገብቶበታል ማለት ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ነገሩ ተለወጠ። በ1819 ከባዝ ጋር የነበረው ሽርክና ፈረሰ። በ1867 የቤቱ ሥራ አስኪያጅ ራሱ በከተማው ሌላ ሰፊ ቴአትር ቤት ከፈተና አሮጌውን ችላ አለው። ያ አዲስ ቤት ኋላ ፕሪንስስ ቴአትር ተብሎ የከተማው ዋና መድረክ ሆነ። የኪንግ ጎዳናው ቤት ግን ለድሀ ሠፈር ተመልካች ርካሽ ትርኢት ሲያቀርብ ኖረ። ቤቱን ከመፍረስ ያዳነው ይህ መናቁ ሳይሆን አይቀርም እላለሁ፤ ገንዘብ ያልነበራቸው ባለቤቶች አፍርሰው በአዲስ መልክ ሊሠሩት አልቻሉምና። በሥነ ጽሑፍ ታሪካችንም ብዙ ብራናዎች የተረፉልን የሚጓጓላቸው ሰው ባለመኖሩ መሆኑን እናውቃለን።

በኅዳር 1940 የጀርመን አውሮፕላኖች ብሪስቶልን ሲደበድቡ ፕሪንስስ ቴአትር ተቃጥሎ ወደመ፤ የተናቀው ቤት ግን ቆሞ አደረ። ይሁን እንጂ በ1942 ለሽያጭ ቀረበ። መጋዘን ሊሆን ነው የሚል ወሬ ሲሰማ የከተማው ሰዎች በዚያ የጦርነትና የራሽን ዘመን ገንዘብ አዋጥተው ቤቱን የሚጠብቅ የባላደራ ማኅበር አቋቋሙ። መንግሥት ለሙዚቃና ለኪነ ጥበባት ማበረታቻ ያቋቋመው ምክር ቤትም ቤቱን ከባላደራዎቹ ተከራይቶ በ1943 በጎልድስሚዝ ኮሜዲ አስከፈተው። በ1946 ከለንደኑ ኦልድ ቪክ ቴአትር የተላከ ቡድን ገብቶበት ብሪስቶል ኦልድ ቪክ ተመሠረተ። በዚያው ዓመት ቡድኑ የራሱን የተዋንያን ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ትምህርቱ የተጀመረው ከቴአትር ቤቱ አጠገብ ከነበረ የፍራፍሬ ነጋዴ መጋዘን በላይ ባለ አንድ ክፍል ውስጥ ነበር።

ሐ. የ1954 ምርት

ስለ ቤቱ እድሳት ከመናገሬ በፊት የአንድ ቴአትር ቤት «መልካም ዓመት» ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ ላሳይ። በ1954 ክረምት፣ የትርኢቱ ወቅት ሲገባደድ፣ የቡድኑ አባላት የሆኑት ጁልያን ስሌድና ዶሮቲ ሬይኖልድስ ለወቅቱ መዝጊያ እንዲሆን «ሳላድ ዴይስ» የተባለ ቀላልና አስቂኝ ሙዚቃዊ ተውኔት ጻፉ። ለጥቂት ሳምንታት የታሰበው ተውኔት ወደ ለንደን ተዛውሮ 2,283 ጊዜ ታየ። በዘመኑ በለንደን መድረክ ከታዩት ሙዚቃዊ ተውኔቶች ሁሉ ረዥም ዕድሜ ያገኘው እርሱ ሆነ። በዚያው ዓመት በኅዳር ደግሞ የአርተር ሚለር «ዘ ክሩሲብል» በብሪታንያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚሁ በብሪስቶል መድረክ ላይ ነው።

ሁለቱን ተውኔቶች ጎን ለጎን ስናያቸው የሚያገናኛቸው ነገር የለም። አንደኛው የዕረፍት ቀን ጨዋታ ነው፤ ሁለተኛው በጠንቋይ አደን ስም የዘመኑን የፖለቲካ ፍርሃት የመረመረ ከባድ ድራማ ነው። የአንድ ክፍለ ሀገር ቴአትር ጥንካሬ ግን ሁለቱን በአንድ ዓመት መያዝ መቻሉ ይመስለኛል። ከ«ሳላድ ዴይስ» የተገኘው ገንዘብ ለትምህርት ቤቱ ቋሚ ቤት መግዣ ረዳ፤ ትምህርት ቤቱም በ1956 ከመጋዘኑ ፎቅ ወጥቶ ክሊፍተን በሚባለው ሠፈር ወደሚገኝ የራሱ ግቢ ገባ። የ1954 ሳቅ ለሚመጣው ትውልድ የመማሪያ ክፍል ሆነ ማለት ነው። የዚህን ፍሬ በ2016 እናገኘዋለን።

መ. እንደ ብራና የተነበበ ቤት

በ1970 እና 1972 መካከል ቤቱ ታላቅ የግንባታ ሥራ ተደረገለት። አርክቴክቱ ፒተር ሞሮ የተመልካቹን አዳራሽ ጠብቆ፣ በ1766 የተሠራውን የመድረክ ክፍል ግን አፍርሶ በምትኩ ሰፊ መድረክና ከፍ ያለ የመጋረጃና የትዕይንት ማንሻ ማማ ሠራ። በጎን ያለውንና በ1744 ገደማ የተሠራውን የበርሜል ሠሪዎች ማኅበር አዳራሽ ለቴአትር ቤቱ መግቢያ አደረገው። ቤቱ ከተከፈተ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በጎዳናው ላይ ፊት አገኘ፤ ፊቱ ግን የራሱ ሳይሆን የጎረቤቱ ነበር።

የሞሮን ሥራ መውቀስ ቀላል ነው። በዚያን ጊዜም ብዙ ተቃውሞ ተነሥቶበታል። እኔ ግን የማየው እንደ ትጉህ ገልባጭ ነው። በእጁ የገባው ቅጂ ለዘመኑ አንባቢ አልመች ስላለው የተወሰነውን ፍቆ አዲስ ጻፈበት። የፋቀው ግን ዋናውን ስፍራ ነበር። መድረኩ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ተዋናዩም ከተመልካቹ ራቀ፤ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው አዳራሽ ትርጉሙን አጣ። በሦስት ወገን ያሉት መቀመጫዎች የተሠሩት በመካከላቸው ለሚቆም ሰው ነበር፤ ያ ሰው አሁን በመካከላቸው የለም።

በ2007 ቴአትር ቤቱ ለእድሳት ተብሎ በድንገት ሲዘጋ፣ እንደገና መከፈቱን ብዙ ሰው ተጠራጥሮ ነበር። የቴአትር ባለሙያዎችና የከተማው ነዋሪዎች ተሰብስበው ተከራከሩ። በ2009 ቶም ሞሪስ የኪነ ጥበብ ዳይሬክተር ሆኖ ከተሾመ በኋላ የአዳራሹ እድሳት ተጀመረና በመስከረም 2012 ተፈጸመ። መክፈቻ እንዲሆን የተመረጠው በ1791 የተጻፈው የጆን ኦኪፍ ኮሜዲ «ዋይልድ ኦትስ» ነው፤ ስለ ተዘዋዋሪ ተዋንያን የሚያወሳ በመሆኑ ለቤቱ የተገባ ምርጫ ነበር።

እዚህ ላይ የአዳሾቹ የንባብ ጥበብ ይታያል። ሁሉንም ነገር ወደ 1766 እንመልስ አላሉም። እንደዚያ ቢሉ ኖሮ የ1800ን ሰገነትና ጣሪያ ሊያፈርሱ ነበር፤ እርሱም ራሱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የኖረ ታሪክ ነው። የ1972ንም ማማ አላፈረሱም፤ የዛሬ ተውኔት ያለ እርሱ አይሠራምና። የመለሱት አንድ ነገር ነው፤ መድረኩን እንደገና ወደ ተመልካቹ ገፍተው አወጡት። ይህን የወሰኑት በድርሰት ንባብ ተመርተው ነው ለማለት ይቻላል። የዚያ ዘመን ተውኔቶች ተዋናዩ ከባልደረባው ዘወር ብሎ ለተመልካቹ በሚናገረው የገጽ ለገጽ ንግግር የተሞሉ ናቸው። ተዋናዩ ከሩቅ ሆኖ ሲናገረው ይህ ንግግር ሰው ሠራሽ ይመስላል፤ ከሕዝቡ መሐል ቆሞ ሲናገረው ግን የጓደኛ ሹክሹክታ ይሆናል። ቃለ ተውኔቱን በትክክል ማንበብ የሚቻለው ቤቱ በትክክል ሲቆም ነው።

ሁለተኛው ክፍል በመስከረም 2018 ተጠናቀቀ። በ12.5 ሚሊዮን ፓውንድ ወጪ የተሠራውን ይህን ሥራ ያከናወነው ሃወርዝ ቶምፕኪንስ የተባለው የአርክቴክቶች ድርጅት ነው። የ1972ቱ መግቢያ ተነሥቶ በእንጨትና በመስታወት የተሠራ ሰፊ አዳራሽ ተተካ፤ የጎረቤቱም አዳራሽ ታድሶ ወደ ራሱ መልክ ተመለሰ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የ1766ቱ ቴአትር ቤት ውጫዊ ግድግዳ መገለጡ ነው። ለሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ከቤቶች ጀርባ የተሰወረው ግድግዳ ዛሬ ከጎዳናው ላይ በመስታወቱ ውስጥ ይታያል። ሳይለሰንና ሳይቀባ ከነጠባሳው ተትቷል። በመስታወቱ ላይ ባሉት የፀሐይ መከለያዎች ደግሞ የብሪስቶሉ ገጣሚ ማይልስ ቼምበርስ ግጥም ተቀርጿል።

ከዚያ ግድግዳ ፊት ለፊት ቡና ይዤ ረዘም ላለ ጊዜ ተቀምጬ ነበር። በአካባቢዬ ያሉት ሰዎች ሁሉ ተውኔት ለማየት የመጡ አልነበሩም፤ ጋዜጣ የሚያነቡ፣ ልጅ የሚያጠቡ፣ ዝናብ ያስጠጋቸውም ነበሩ። ጠባሳውን ሳይ ወደ አእምሮዬ የመጣው የብራና ኅዳግ ነው። ጥሩ አርታኢ የተለያዩ ቅጂዎችን ልዩነት አይደብቅም፤ አንባቢ እንዲፈርድ ከግርጌ ያሰፍራቸዋል። ይህም ግድግዳ እንደዚሁ ነው። የመሥራቾቹን ምኞትና ከባሪያ ንግድ የመጣ ገንዘባቸውን፣ ቀጥሎም የመጡትን እጆች ሁሉ ሳያስማማ በአንድነት ያሳያል።

ሠ. የ2016 ዓመት

በ2016 ቤቱ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ሞላው። አዳራሹ ታድሷል፤ መግቢያው ግን ገና አልታደሰም። በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ ያቀረበው የዓመት ትርኢት እስከ ዛሬ ይነሣል። በዓመቱ መጀመሪያ የዩጂን ኦኒል «ሎንግ ዴይስ ጀርኒ ኢንቱ ናይት» በሪቻርድ አይር አዘጋጅነት ቀረበ። በመሪ ተዋናይነት የተጫወቱት ሌስሊ ማንቪልና ጄረሚ አይረንስ ሲሆኑ፣ አይረንስ የዚያው የብሪስቶል ትምህርት ቤት ምሩቅ ነው። ተውኔቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ለንደን ላይ ታይቷል። በበጋው የሼክስፒር «ንጉሥ ሊር» በቶም ሞሪስ አዘጋጅነት ተከተለ። ሊርን የተጫወተው አንጋፋው ቲሞቲ ዌስት ነው። ሦስቱን የሽማግሌ ገጸ ባሕርያት አንጋፋ ተዋንያን ሲይዙ የቀሩትን የተጫወቱት የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ነበሩ። በመከር ወራት ደግሞ ከቪክቶር ሁጎ ልቦለድ የተወሰደው «ዘ ግሪኒንግ ማን» የተሰኘ አዲስ ሙዚቃዊ ተውኔት ቀረበ፤ እርሱም በተከታዩ ዓመት ወደ ለንደን ተዛወረ።

የ«ንጉሥ ሊር»ን ዝግጅት ልዩ የሚያደርገው የተዋንያኑ አመዳደብ ነው። ተውኔቱ አሮጌው ትውልድ ሥልጣኑን ለአዲሱ ማስረከብ አቅቶት የሚጠፋበት ታሪክ ነው። ዝግጅቱ ሽማግሌዎቹን በእውነተኛ ሽማግሌዎች፣ ልጆቹን በእውነተኛ ተማሪዎች ሲያስጫውት ጭብጡን በዕድሜ ልዩነት ላይ አቆመው። ይህ ሊሆን የቻለው ቴአትር ቤቱ ከሰባ ዓመት በፊት በመጋዘን ፎቅ ላይ የጀመረውና በ«ሳላድ ዴይስ» ገቢ የታገዘው ትምህርት ቤት ስለነበረው ነው። በማዕበሉ ትዕይንት የተሰማው ነጎድጓድም ከዚያው ቤት የወጣ ነው። ከአዳራሹ ጣሪያ በላይ ከእንጨት የተሠራ አሸንዳ አለ፤ የብረት ጥይቶች በውስጡ ሲንከባለሉ ቤቱን ሁሉ ያናውጡታል። ለብዙ ዘመን ሥራ ፈትቶ የኖረው ይህ የነጎድጓድ መሣሪያ ለሊር ማዕበል እንደገና ተንከባለለ።

እንግዲህ የ2016 ስኬት የአንድ ዓመት ዕድል ብቻ አልነበረም። ታድሶ ወደ ተመልካቹ የቀረበው መድረክ፣ በ1946 የተዘራው ትምህርት ቤት፣ ሳይጣል የተጠበቀው አሮጌ መሣሪያ በአንድ ዓመት ተገናኙ።

ረ. መዝገቡና እኛ

በብሪስቶል ቆይታዬ ከቤቱ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ያሳለፍኩት በዩኒቨርሲቲው የቴአትር ስብስብ ክፍል ውስጥ ነው። የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የድራማ ትምህርት ክፍል ከጦርነቱ ማግሥት ሲከፈት በብሪታንያ የመጀመሪያው ነበር። የትምህርት ክፍሉ በ1951 የጀመረው ስብስብ ዛሬ የብሪስቶል ኦልድ ቪክን መዝገብ ይዟል። የጠየቅሁትን ሣጥን ሲያመጡልኝ የ1954 ፕሮግራሞች ከነማስታወቂያቸው አሉ። አንድ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ የዚያን ዓመት ተዋንያን ስም፣ ትርኢቱ የታየበትን ቀን፣ የመግቢያውን ዋጋ እዚያው ተቀምጦ ያገኛል።

ሣጥኑን ከፍቼ ሳይ የራሴ ገጠመኝ ታወሰኝ። የማስትሬት ጥናቴን በምሠራበት ዘመን የአንድ አማርኛ ተውኔት የመድረክ ቅጂ ፍለጋ ወደ አንድ ቴአትር ቤት ሄጄ ነበር። የፈለግሁት የታተመውን ጽሑፍ አልነበረም። አዘጋጁ በእርሳስ የሰረዘበትን፣ የሳንሱር ማኅተም ያረፈበትን፣ ተዋንያን የተለማመዱበትን ቅጂ ነው። በመዝገብ ቤት የሠሩ አንድ አዛውንት ጥያቄዬን ከሰሙ በኋላ፣ «ልጄ፣ ያኔ ቤቱ ሲታደስ ወረቀቱ ሁሉ በጆንያ ወጣ። ቦታ ይዟል ተባለ። ያየሁትን ልንገርህ፣ ግማሹ ለሱቅ መጠቅለያ ነው የሄደው» አሉኝ። ይህን ሲነግሩኝ የተቀመጥነው አዲስ በተቀባ ክፍል ውስጥ ነበር። የቀለሙ ሽታ ገና አልወጣም።

ያን ቀን ያዘንኩት ለጥናቴ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ነገሩ ከእኔ ጥናት ይሰፋል። ቤቱን ያደሱት ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ ግድግዳውን ለማዳን ገንዘብና ጉልበት አውጥተዋል። ያጡት ነገር አንባቢ ነው። ከቤቱ ውስጥ የትኛው ቆሻሻ፣ የትኛው ታሪክ እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው አልነበረም። ይህን ሰው ማፍራት ደግሞ ከግንበኞች የሚጠበቅ አይደለም። የእኛ ክፍል ሥራ ነው።

የአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች ሊነበቡ የሚገባቸው ብራናዎች ናቸው። የሀገር ፍቅር ማኅበር የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም. የጣልያን ወረራ ሲያንዣብብ ሕዝቡን ለመቀስቀስ ነው፤ በስሙ የሚጠራው ቴአትር ቤት ግድግዳዎች ከዚያ ወዲህ የተቀጣጠሉ ናቸው። ብሔራዊ ቴአትርን ደግሞ እንመልከት። ሕንፃውን በወረራው ዘመን ለሲኒማ ብለው የጀመሩት ጣልያኖች ናቸው። ኋላ ተሠርቶ ተጠናቀቀና በ1948 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ተከፈተ፤ በመክፈቻውም የመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ታየ። ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ተለወጠ። የወራሪው እጅ፣ የዘውዱ እጅ፣ የአብዮቱ እጅ በአንድ ቤት ውስጥ አሉ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሼክስፒርን በአማርኛ ያናገረበት መድረክም ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ቤት ሲታደስ የትኛው እጅ ይጠበቅ፣ የትኛው ይፋቅ የሚለውን ጥያቄ መሐንዲሱ ብቻውን እንዲመልሰው መተው በደል ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ለማሳየት እንደሞከርኩት የብሪስቶሉ ሮያል ቴአትር በሕግ ሽሽት ተሰውሮ ተከፈተ፤ በድህነት ተርፎ በሕዝብ መዋጮ ዳነ። በ1972 በመልካም ሐሳብ ከአካሉ ከፊሉን አጣ። በ2012 እና በ2018 የታደሰው ግን በንባብ ነው፤ አዳሾቹ የሁሉንም ዘመን እጅ ለይተው ካወቁ በኋላ በተዋናይና በተመልካች መካከል የነበረውን ዝምድና ለመመለስ መረጡ። የ2016 መልካም ዓመትም ከዚህ ምርጫና ከረዥም ጊዜ ዝግጅት የተገኘ ፍሬ ነው።

ከዚህ በመነሣት ለክፍላችን ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የተውኔት ታሪክ ትምህርታችን ስለ ቴአትር ቤቶቹ ራሳቸው የሚያወሳ ምዕራፍ ይኑረው፤ ተማሪዎቻችን የአንድን ተውኔት ቃል ሲተነትኑ ቃሉ ከየት ቆሞ ለማን እንደተነገረ ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ የመድረክ ቅጂዎችን፣ ፕሮግራሞችንና ማስታወቂያዎችን መሰብሰብ ለነገ የማይባል ሥራ ነው። ለዚህ ትልቅ በጀት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የሚቆለፍ ክፍል፣ መዝገብና ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ነው። እኔ ባለፈው ሴሚስተር ከተማሪዎቼ ጋር ሥራውን ጀምሬዋለሁ። እስካሁን የያዝነው ሁለት ካርቶን ብቻ ነው፤ ከነዚህ አንዱን ያገኘነው ቢሮው ሊቀባ ነው ተብሎ ዕቃው በረንዳ ላይ ከወጣበት ቤት ነው።